የዝንብ አሳሪዎች ቃለ ጉባኤ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ከመጠጥ ቤቱ ጓዳ፤
ሰባት አባል ቀርቧል፣ አንዲት ሴት እንግዳ።
ውጪው ዶፍ ዝናብ ነው። (ይህ አይመዘገብም፤
በዌልስ ሸለቆ ዝናብ ዜና አይሆንም።)
ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ጌቲን፣ ጡረተኛ፣
ፖስታ ሳድል የኖርኩ፣ የወንዝ ዳር መንገደኛ።

አንደኛ፦ ስለ ጎጆው። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል፤
ኢቮር «አምና ጠግኛለሁ» ብሎ ይምላል፤
ባልዲው ግን ምስክር ነው፣ ጠብ ጠብ ሲልበት ያድራል።

ሁለተኛ፦ ገንዘብ። ቴግዊን ሣጥኑን ዘረገፈ፤
አርባ ሦስት ፓውንድ፣ አንድ ሰማያዊ ቁልፍ፣ ከሸሚዝ የረገፈ።
ስለ ቁልፉ ባለቤት ግማሽ ሰዓት ባከነ፤
ስለ ገንዘቡ ማነስ ሁሉም ዝም ብሎ አዘነ።

ሦስተኛ፦ ስለ ወንዙ። ከላይ ካለው በረት
እጣቢ ፈሶበት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ በሌሊት፣
ዓሣው ሆዱን ገልብጦ እንደ ማንኪያ ሲያበራ
ያየሁት እኔ ነኝ። እስከ ስድሳ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ዓይኔ ፈራ።
ገበሬው ይቅርታ ብሏል፤ ቅዳሜ ከእኛ ጋር
አኻያ ሊተክል ይመጣል፣ ምሳም ይዞ፣ ከወንዙ ዳር።
ኢቮር «ምን ዓይነት ምሳ?» ብሎ አጥብቆ ጠየቀ።
(ይህም ተመዝግቧል። ጉባኤው ሳቀ።)

አራተኛ፦ ባንዲራው። ብል በላው ዘንዶውን፣
ቀዩን፣ ከምድጃው በላይ የሰቀልነውን።
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤
ስድሳ ዓመት ጎረጎርን፤ ያወጣነውን ይኸው ብል ይበላዋል።

አምስተኛ። (እዚህ ላይ እርሳሴ ተሰበረ።)
የኤምሪስ ወንበር ባዶውን ነበረ።
ኅዳር ላይ ቀበርነው፣ ዝናብ እየመታን፣
እርሱ ያሰረውን ዝንብ ባርኔጣ ላይ ሰክተን።
አንድ ላባ፣ የጥንቸል ፀጉር፣ ጥቂት የሐር ክር፤
በዚህ መንጠቆ ላይ ነፍስ ይዘራ ነበር።
በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤
የኤምሪስ ዝንብ ሲመጣ ግን ጠርጣሮቹ ትራውቶች አፋቸውን ይከፍታሉ።

ሚስቱ ሄይልወን ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤
እንግዳዋ እርሷ ናት። ክዳኑን ከፈተች።
ሁለት መቶ ዝንብ፣ አንዱም ከአንዱ ሳይነካካ።
ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «በስሙ ዋንጫ…» ሲል፣
መነጽሯን አወለቀች።

«የኤምሪስ እጅ» አለች፣ «ከሃምሳ ዓመቱ ወዲህ
እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። እናንተ አታውቁም፤ የሚያውቀው ይህ»
ብላ ሰማያዊውን ቁልፍ በሁለት ጣቷ አነሣች።
«መስከረም ላይ እዚህ ጣለው። ቆልፌ የምሸኘው እኔ ነበርኩ። ክሩን የጠመጠምኩት፣
ላባውን የመረጥኩት፣ ቋጥሬ ጫፉን የቆረጥኩት፣
እኔ ነኝ። እናንተ በሬ ላይ ቆማችሁ ስታሞግሱት
ሳህን እያጠብኩ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፤
ትንሽ ደግሞ…»
አልጨረሰችውም።

ጣሪያው ላይ ዝናብ፣ ጠረጴዛው ላይ ዝንብ፤
በመሀላቸው ያለችው «ና» ብቻ ናት ብዬ ሳስብ፣
ደንባችን ትዝ አለኝ። አንቀጽ አራት፣ ገጹ የወየበ፣
አባሉን ሁሉ «ና» ይላል፤ «ነይ» የሚል ከቶ አልተጻፈበት፣ አልታሰበ።
ቴግዊን እርሳሴን ቀርጾ ሰጠኝ። ጻፍኩት።
ድምፅ ተሰጠ። ስምንት እጅ ወጣ፤
እኛ ሰባት ነን። ኢቮር ሁለቱንም አንሥቶ ነው።

ተጨማሪ፣ መጋቢት ሦስት፣ የወቅቱ መክፈቻ፤
ሄይልወን እስከ ጉልበቷ ወንዝ ውስጥ፣ ብቻዋን፣ በኤምሪስ ቦት ጫማ።
መስመሯ አየሩ ላይ ተጠቅልሎ ተፈታ፤
ውሃው ላይ ያረፈው ዝንብ ድምፅ አልነበረውም።
ዓሣን መብላት በብልሃት ነው፤ አለመብላትም እንደዚያው፤
እጇን አርሳ ያዘችው፣ አየችው፣
ሁለታችንም ሳንተነፍስ ለቀቀችው።

የተያዘ፦ አንድ። የተለቀቀ፦ አንድ።
ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።